ለካፊያ አትከፍትም

ከሚሌ የመጣ ባለ ተሳቢ መኪና
ጎማውን ፈታሁት፣ እዚሁ ቦርከና
ድልድይ አጠገብ፣ ከአባቴ ሱቅ በር።
ሚስማር ነው ያልኩት እሾህ ነበር፤
ከጎማው ጥርስ መሃል በጉጠት ሳወጣት
የደረቀች ራስ፣ አመድማ፣ የአውራ ጣት
የምታህል ነገር።

«ምንድን ናት?» አልኩት ሙሄን።
«ስሟን እንጃ፣ ዘምዘም። ከባቲ ቁልቁል ሜዳውን
ስትይዢ፣ አሸዋው ላይ ሞልታለች፤
ግመል እንኳ አይቷት ያልፋታል። ሞታለች።»
«ሞታ ምን ትጠብቃለች?»
«ዘር ይዛለች።»

ቆጠርኩላት። ሰባት ሙዳይ፣ ሰባቱም ግጥም፤
በጥፍሬ ብሞክር አንዱም አይከፈትም።
ከመደርደሪያው ላይ፣ ከሙጫው ቆርቆሮ
ጎን አስቀመጥኳት።
ጥር አለፈ። ጤዛ በሽንቁር ገባ፤ አልተከፈተችም።
ጣሪያው አፈሰሰ፣ ጠብ ጠብ አለባት፤ አልተከፈተችም።
አንድ ቀን፣ ልብስ እንደሚተኩስ ሰው፣
ውሃ ጉንጬን ሞልቼ ረጨሁባት፤
ውሃውን የጠጣችው መሰለኝ፣
ክዳኗ ግን ንቅንቅ የለባት።

አባቴ ከጥጉ ያየኛል። አይናገርም።
ከጦሳ ጀርባ ነበር መሬቱ፣
በበልግ የሚያድር አገር።
የካቲት ላይ አንድ ማታ ካፊያ ጣለ፤
አፈሩ ሸተተው፣ «መጣልን» አለ።
ጎታውን ገልብጦ ዘራ እስከ መጨረሻ፣
ለከርሞ ያለውን፣ የቆሎ፣ የቅምሻ።
ገብሱ በቀለ፣ ጣት አከለ፣ ለምለም ሆነ፤
ከዚያ ሰማዩ ጠራ።
ሳምንት። ሁለት ሳምንት።
በሦስተኛው በነነ።
በሬውን ሸጠና ሐረጎን ወረደ፣
ጎማ መለጠፍን ከሰው ተላመደ።
ከዚያ ወዲህ ካፊያ ቆርቆሮ ሲመታ
«ውሸቷን ነው» ይላል፣ ቀና ሳይል ላፍታ።

ሚያዝያ ላይ ነው። ከመነዳሪ በገንዳው ነክሬ
አረፋ የሚወጣበትን ስፈልግ፣ ክርኔ
መደርደሪያውን ገፋ። ወደቀች። ሰጠመች።
ባለ ባጃጁ ይቸኩላል፣ ረሳኋት።
ትንሽ ቆይቶ፣ ጧ!
ከገንዳው ጠርዝ ላይ። ደግሞ ጧ!
ከመነዳሪው የፈነዳ መስሎኝ ጎንበስ ስል
አንዲት ዘር ግንባሬን መታችኝ፤
ጠፍጣፋ፣ ጸጉራም፣ ከውሃ ስትገናኝ
እንደ ተልባ የምትሟልጭ፣ የምትለጠፍ።
አምስቱ ሙዳይ ወለል ብሏል።

ሳቅኩ መጀመሪያ።
ጠዋት ስመጣ አንዷ ዘር፣ ከገንዳው ግድግዳ
ተጣብቃ፣ ነጭ ሥር አውጥታለች፤
አፈር ትፈልጋለች፣
በግሪስ ውሃ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ላይ።
ሳቄ ጠፋ።
ጤዛን የመለሰች፣ ለካፊያ ያልተረታች፣
ከደጋ የወረደ ጎርፍ መስሏት
ለእኔ ገንዳ ተረታች።
አባቴን ያታለለው ሰማይ ነው።
እሷን ግን እኔ ነኝ።

ሁለቱ ግን፣
ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ አድረው፣
ሁለቱ አልተከፈቱም።
ቢመጣ እንኳ፣ ቢሞላ እንኳ፣ ለሌላ ዓመት ብላ
ጎታዋን እስከ ታች አልገለበጠችም።
ይቺ ናት ሞታለች የሚሏት።

በደረቅ ጨርቅ ጠቅልዬ ለሙሄ ሰጠሁት።
«ካነሳሃት አገር መልስልኝ» አልኩት።
«የቱ ጋ እንዳነሳኋት በምን አውቃለሁ? ጎማው ነው ያነሳት!»
«እንግዲያስ ከባቲ በታች፣ ጓደኞቿ ካሉበት።
መሪው ላይ ደግሞ እንዳታስቀምጣት፤ ላብህም ውሃ ነው።»
ሳቀብኝ። ግን ኪሱ አልከተታትም፣
ከመስታወቱ ጀርባ፣ ከወረቀቶቹ ጋር ሻጣት።

ሰኔ ሲገባ ተመለሰ፤ ሞተሩን ሳያጠፋ
በመስኮት ብቅ አለ።
«ዘነበ?» አልኩት።
«አካፋ።»
«ከፈተች?»
«ወርጄ አየኋት። እምቢ ብላለች።»

አባቴ ከጥጉ፣ ቀና ሳይል፣
«ጎበዝ» አለ።